ለጎሚስታው ምክንያት ፍለጋ

አባቴ የሌለን ሰው ይቅር ማለት ይችልበታል። ያቃተው ያለውን ነው። ስለ ሰው አባት ሳይሆን ስለ ገዛ አባቴ ስለሆነ የማወራው ማንም አይቆጣኝ፤ ቢቆጣም ግድ የለኝም፤ እኔ ራሴ ተናድጄ ከቆየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ሥራዬ ለሬዲዮ ድራማ መጻፍ ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ለግማሽ ሰዓት የሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ አለን። ዋናው ሰውዬ መንገድ ዳር ጎማ ሲነፋና ሲለጥፍ የሚውል ጎሚስታ ነው። ስም አላወጣሁለትም፤ ሁሉም «ጎሚስታው» ነው የሚለው። ጎሚስታው ይዋሻል። ይጠጣል። አንድ ጊዜ የደንበኛውን ጎማ ራሱ በምስማር ወግቶ ራሱ ለጥፎለታል። ለእህቱ ሠርግ እመጣለሁ ብሎ ምሎ ሳይሄድ ቀርቷል። አድማጩ ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያየው፤ አባቴ ደግሞ ከአድማጩ ሁሉ ይብሳል።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ተቆጣጣሪ ነበር። ሾፌሮቹ «ደቂቃ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። አንድ ደቂቃ ያረፈደ ሾፌር ይመዘገባል፤ ሁለት ደቂቃ ያረፈደ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቀርባል፤ የቀረበው ምክንያትም ተቀባይነት አያገኝም። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ እሁድ ሲመጣ ሬዲዮውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጎሚስታው ምስማር ሲሰካ እንባው እስኪመጣ የሚስቀው። «ቸግሮት እኮ ነው» ይለኛል። «ልቡ ግን ጥሩ ነው።» ልቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ይነግረኛል።

በዚያው ቤት የወንድሜን ስም ማንሳት ክልክል ነው።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው፤ አይጠጣም፣ አይዋሽም፣ የሰው ጎማ አይወጋም። ጥፋቱ አንድ ነው። እናታችን ሆስፒታል በተኛችበት በዚያ ወር አንድም ቀን አልመጣም። ተራ ነበረን። የተራውን ሰንጠረዥ ያወጣው አባቴ ነው፤ በማስመሪያ አስምሮ፣ በሁለት ቀለም ጽፎ፣ ለየእጃችን አደለን። ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት በኋላ አባቴና ወንድሜ፣ ማታ አክስቴ። ወንድሜ ስልክ ሲደወልለት አያነሳም፤ ሲያነሳም «ነገ» ነው መልሱ። እናቴ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ መጠየቁን ተወችው። በአራተኛው ሳምንት ሞተች።

ቀብሩ ላይ መጣ። ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ሳለ አባቴ ዞሮ አየውና፣ ዘመድ አዝማድ እየሰማ፣ «ዛሬም አረፈድክ» አለው። ከዚያን ቀን ወዲህ አላናገረውም። ወንድሜም የዚያን ቤት ደጃፍ አልረገጠም። አሁን አባቴ አርጅቷል፤ ሐኪሙ ልቡ እንደደከመ ነግሮናል። ባለፈው ዓመት ደግሞ አክስቴን አስቀምጦ «እኔም ስሞት እንዳይመጣ» ብሎ ተናዘዘላት። አክስቴ መጥታ ስትነግረኝ ቆሽቴ አረረ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አባቴ በሕይወት እያለ ወንድሜ እዚያ ቤት ገብቶ እንዲቀመጥ። ለምኜ ነበር፣ ሽማግሌ ልኬ ነበር፣ አልቅሼ ነበር። አባቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እናም የማውቀውን ብቸኛ ሥራ ልሞክር ብዬ ተነሳሁ። የወንድሜን ጥፋት ለጎሚስታው ላሸክመው። እናቱ ሆስፒታል ትተኛና እሱ ሳይሄድ ይቅር። አባቴ እንደለመደው «ቸግሮት እኮ ነው» ይላል፤ ያን ጊዜ በገዛ ቃሉ እይዘዋለሁ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ታሪኩን በአንድ ገጽ ጽፌ ለክፍል ኃላፊያችን ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች፤ ይሄ ምልክቷ ነው፣ ደግ ነገር አይከተለውም። አድማጭ ውሸትም ስካርም እንደሚችል፣ እናቱን የጣለ ሰው ግን እንደማይችል ነገረችኝ። ጎሚስታው ከዚህ በላይ እንዳይከፋ የሚያሳስበውን የስፖንሰሩን ደብዳቤ አሳየችኝ። የጎሚስታውን ድምፅ የሚሠራው ተዋናይ ታክሲ ውስጥ በድምፁ ታውቆ እንደሚሰደብ አስጠነቀቀችኝ። ፀረ ጀግና ነው፣ ጀግና አይደለም፣ አንቺው ነሽ ከመጀመሪያው እንዲህ ይሁን ያልሽው ብዬ ተከራከርኩ።

«ስሚኝ» አለች። «ጀግና ደግ ይሠራል፤ ለምን ደግ ሠራህ ብለን አንጠይቀውም። ፀረ ጀግና ክፉ ይሠራል፤ ምክንያቱን ግን እንሰማለን። ምክንያቱን ያልሰማነው ሰው ባለጌ ነው፣ በቃ። ለጎሚስታሽ ምክንያት አምጪለትና ብርድ ልብሱን እሰጥሻለሁ።»

ብርድ ልብሱ እውነተኛ ብርድ ልብስ ነው። ሰው በልቡ የሚያስበውን ስንቀዳ ተዋናዩ ወፍራም ብርድ ልብስ ይከናነብና ማይኩን ከንፈሩ ሥር አድርጎ በለሆሳስ ይናገራል። የክፍሉ ድምፅ ይጠፋል፤ አድማጩ ሰውዬው ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ይመስለዋል። በእኛ ድራማ ብርድ ልብስ የሚከናነበው ጎሚስታው ብቻ ነው። ሚስቱ አትከናነብም፣ አከራዩ አይከናነብም፣ ጎማው የተወጋበት ምስኪን ደንበኛም አይከናነብም። አከራዩ ምን አድርጎ እንደሆነ እንጃ፣ ኪራይ ከመጠየቅ በቀር፤ ግን አገር ሁሉ ይረግመዋል። ይህን ስንት ዓመት ስጽፍ ኖሬ ያን ቀን ነው ያሳፈረኝ።

ኃላፊዋ ምክንያት ታዋጣልኝ ጀመር። ለእናቱ ደም ሲለግስ ታሞ ይሁን። በሐሰት ተከሶ ታስሮ ይሁን። በመጨረሻ ሲጨንቃት «መኪና ይግጨው» አለች። መንገድ ዳር ስለሚሠራ ያስኬዳል አለችኝ። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

የተናደድኩት ትክክል ስለሆነች ነው። ለጎሚስታው ምክንያት ፍለጋ ስዋትት፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ወንድሜን ምክንያቱን አንድ ቀን ረጋ ብዬ ጠይቄው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ጮኼበታለሁ እንጂ አልጠየቅኩትም።

በነጋታው ጋራዡ ሄድኩ። የአንድ ሚኒባስ ሆድ ሥር ተንጋሎ ይበይዳል። እግሩን በእግሬ ነካ አደረግኩት፤ ፊቱ ላይ ያጠለቀውን የብየዳ መከላከያ ገፍቶ ወጣ። ፊቱ ላይ ከመከላከያው ውጪ የቀረው ሁሉ ጠቁሯል። አንድ የወለቀ የመኪና ወንበር ላይ ተቀመጥን። ለድራማው እንደሆነ ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ከቀረብኝ ይቅር እንጂ ወንድሜን አላታልልም። ሳቀ። «አባዬ አሁንም ያንን ሌባ ይሰማል?» አለኝ። እንደሚሰማው ነገርኩት።

ከዚያ ጠየቅኩት። የእጅ ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። ሦስት ቀን መጥቶ እንደነበር ነገረኝ። ሰምቼው አላውቅም። ከጋራዡ የሚቀርበው የኋላው በር ስለሆነ በዚያ ገብቶ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ እስካለው ደረጃ ደርሶ፣ ሦስት እርከን ወጥቶ፣ ተመልሷል። በማግሥቱም እንደዚያው። ከሁለት ቀን በኋላም እንደዚያው።

«ለምን?» አልኩት።

«አላውቅም።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ አላውቅም?»

«እታለም፣ ፈርቶ ነው ብለሽ ጻፊ።»

«ፈርተህ ነው?»

«ፈርቶ ነው ብለሽ ጻፊ አልኩሽ እኮ» አለና መከላከያውን ፊቱ ላይ መልሶ ሚኒባሱ ሥር ገባ። እዚያው ቆሜ ብቻዬን ተነጫነጭኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ስንት ምክንያት ይደረድርልኝ ነበር። የእኔው ወንድም ለራሱ ጠበቃ መሆን እንኳ አይችልበትም።

ያንኑ ይዤ ጻፍኩት። የኋላውን በር፣ ልብስ ማጠቢያውን፣ ደረጃውን፣ ሦስቱን እርከን፣ አንድም ሳላስቀር። ጸሐፊ የሰማውን አይጥልም፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲገኝ እንደ ሲሳይ ነው። ምክንያቱን ፍርሃት አደረግኩት። የመድኃኒት ሽታ ጨመርኩ፣ በረኪና ጨመርኩ፣ እግሩ እንቢ ሲለው ጻፍኩ። ኃላፊዋ ፍርሃት ምክንያት አይሆንም ብላ ሁለት ጊዜ መለሰችብኝ። ሦስተኛ ጊዜ ይዤ ስገባ ምን እንዳየችብኝ አላውቅም፣ ምንም ሳትል ፈረመች።

ሲቀዳ ስቱዲዮ ነበርኩ። ተዋናዩ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ አነበበው፤ ሲጨርስ ቶሎ አልወጣም። የድምፅ ባለሙያው ማጥፋቱን ረስቶ ቁጭ ብሎ ቀረ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ይሄንን ሰምቶ የማይራራ አባት የለም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

እሁድ አባቴ ቤት ቀድሜ ደረስኩ። ሻይ አፍልቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሬዲዮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሰዓቱን ከሬዲዮው ሰዓት ጋር አመሳክሮ፣ ድራማው በአርባ ሰከንድ ዘግይቶ መጀመሩን ለማንም ሳይሆን ለራሱ ተናገረ። እናትየዋ ታመመች። አባቴ ከንፈሩን መጠጠ። ጎሚስታው ጎማ እየነፋ ዋለ፤ ስልኩን አላነሳም። አባቴ «አንድ ነገር ቢኖረው ነው» አለ። ሰማችሁት? ቢኖረው ነው። ለእሱ ሲሆን ሳይነገረውም ይገባዋል። አፌ ድረስ የመጣውን ዋጥኩት።

ከዚያ ብርድ ልብሱ መጣ። ጎሚስታው በለሆሳስ መናገር ጀመረ። «በኋላው በር ገባሁ። ልብስ ማጠቢያው ጋ ያለችው ደረጃ ማንም አይሄድባትም። ሦስት እርከን ወጣሁና...»

አባቴ ሬዲዮውን ዘጋው።

በዚያ ድራማ ዕድሜ አንድ ቀን እንኳ አቋርጦ አያውቅም። ፊቱ ጠቆረ። አበቃ፣ ነገሩን አበላሸሁት፣ ለአሥራ ሁለት ገጽ ለፍቼ ይባስ አስቆጣሁት ብዬ ራሴን ያዝኩ።

«ደረጃዋን ከየት አመጣሻት?» አለኝ።

ይሄኔ ነው የሰባት ዓመቱ ሁሉ አንድ ላይ የወጣው። ከልጅህ ነው አልኩት። ቃል በቃል የልጅህ ነው። መጥቶ ነበር፣ ሦስት ቀን መጥቶ ነበር፣ ፈርቶ ነው የተመለሰው። እኔ በቀለም ለሠራሁት ወስላታ ከንፈር ትመጥጣለህ፣ ከሥጋህ የወጣውን ልጅ ግን ስሙን አታስጠራም። የዚያኛውን ምክንያት ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ፤ የዚህኛውን አምስት ደቂቃ ልትሰማው አልቻልክም። አባትን እንዲህ አይናገሩትም፣ አውቃለሁ። ተናገርኩት። የሻዩን ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

አባቴ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሬዲዮውን ከጉልበቱ አውርዶ «ጥሪው» አለኝ።

ወንድሜ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። የዕረፍት ቀኑ ስለነበር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግን መቼም አይለቅለትም። በሩ ላይ ቆመ። አንዳቸውም ሰላም አላሉም። በሁለቱ መሀል ቆሜ እጄን የማደርግበት አጣሁ።

«ስንት ቀን መጣህ?» አለው አባቴ።

«ሦስት።»

«በስንት ሰዓት?»

ለካ ደቂቃ ሁሌም ደቂቃ ነው። ወንድሜ ዘጠኝ ሰዓት ግድም እንደነበር ነገረው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እኔ አላስችል ብሎኝ ጣልቃ ገባሁ፤ ያን ሰዓት አንተ ፎቅ ላይ እናቴ ጋ ስለነበርክ አላየኸውም፣ ልጁ ፈርቶ ነው፣ ፍርሃት ደግሞ ነውር አይደለም እያልኩ ለፈለፍኩ።

«አንቺ ዝም በይ» አለኝ፤ ድምፁ ግን ቁጣ አልነበረበትም። ወደ ወንድሜ ዞረ። «አይተኸኛል» አለው።

«እኔ ማንንም አላየሁም» አለ ወንድሜ።

«አታስተባብል። ሦስት እርከን ከወጣህ አይተኸኛል። ግድግዳውን ተደግፌ ነበር የምቀመጠው።»

እኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ አንዱን አያለሁ፣ ሌላውን አያለሁ። አባቴ አለመረዳቴ ገባውና እንደ ሾፌር ሪፖርት አንድ በአንድ ነገረኝ። ከሰዓት በኋላ ተረኛው እሱ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እናቴ የሆነችውን ሆና ሲያያት አልቻለም። ከማግሥቱ ጀምሮ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያቺ ማንም የማይሄድባት ደረጃ ላይ ይቀመጥ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ፊቱን ታጥቦ፣ ዋናው በር ላይ አክስቴን አግኝቶ፣ «ደህና ናት፣ ተኝታለች» ብሎ ያስረክባል። ወሩን ሙሉ። አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግር ሰምቶ ቀና ሲል የሰው ጀርባ አየ። የማን እንደሆነ አውቋል። አባቱ እጁ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ያየ ልጅ፣ ረግጦት ማለፍ አልቻለምና ተመለሰ። በማግሥቱም መጣ፤ አባቱ አሁንም እዚያው አለ። ሌላም ቀን መጣ።

«ቀብሩ ላይ እንዳትናገር ቀደምኩህ» አለው ወንድሜን። «ያ ነው። ሌላ ምንም ነገር የለም።»

ወንድሜ በሩን ለቅቆ መጣና ወለሉ ላይ፣ ከወንበሩ እግር አጠገብ ተቀመጠ። አባቴ እጁን አናቱ ላይ አሳረፈ። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ ወንድሜ ድምፅ አውጥቶ፣ አባቴ ድምፅ ሳያወጣ። ይኸው ልጁ ገባ። ይኸው ተቀመጠ። የለመንኩት ሁሉ ፊቴ ላይ ሆነ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ እኔ ቆሜ ሰንጠረዡን በልቤ እየቆጠርኩ ነበር። ጠዋት እኔ። ማታ አክስቴ።

«ከሰዓት በኋላ እማዬ ጋ ማን ነበር?» አልኳቸው።

አባቴ እጁን ከወንድሜ አናት ላይ አነሳ። እኔ ቀትር ላይ ቀረጻ ስለነበረብኝ ቀደም ብዬ ነበር የምወጣው። ቦርሳዬን ሳነሳ እናቴ በዓይኗ ትከተለኛለች፤ «አይዞሽ፣ አባዬ አሁን ይመጣል» እላታለሁ። «አዎ፣ ይመጣል፤ ሂጂ አንቺ» ትለኛለች። በየቀኑ እንዲሁ ነበር የምንባባለው። አንድ ቀን እንኳ አይመጣም አላለችኝም።